ከጎጃም ተነስቶ እሳተ ገሞራ ለማየት የቱ ይሻላል? ኤርታሌ፣ ዳሎል፣ ፈንታሌ፣ ወንጪ ወይስ እዚሁ ዘንገና

ጥር ሲገባ ሁሌ አንድ አይነት ጥያቄ ነው የሚመጣልኝ። "ኤርታሌን ማየት ፈልጌ ነበር፣ ከባህር ዳር ስንት ቀን ይፈጃል፣ ልጆች ይዞስ ይኬዳል ወይ፣ ካልሆነስ ሌላ ምን አለ?" እኔም ለአንዱ በስልክ ለሌላው ቡና ላይ እየደጋገምኩ ስመልስ ከረምኩና አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። የትኛውንም አስጎብኚ ድርጅት አላሞግስም፣ የትም ሂዱ ብዬም አልገፋም፣ ግን ገንዘባችሁንና እግራችሁን የት ብታውሉት እንደሚሻል የማውቀውን ልንገራችሁ። ዓመቶቹን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ የፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። አብዛኛው ሰው የሚወስነው ፎቶ አይቶ ነው፣ ያ ቀይ ሆኖ እንደ ወጥ የሚንተከተከው የኤርታሌ ሐይቅ ፎቶ ማለቴ ነው፣ እሱ ፎቶ ደሞ አብዛኛው ከ2009 በፊት የተነሳ ነው። እሳተ ገሞራ እንደ ፋሲል ግንብ ባለበት ቆሞ አይጠብቃችሁም፣ ዛሬ ያለው ነገር የዛሬ ወር ላይኖር ይችላል፣ ጸጥ ያለውም ድንገት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ስታነቡ "ተራራው በዚህ ሳምንት ምን እያደረገ ነው?" የሚለውን ጥያቄ ከአእምሯችሁ አታውጡት።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ በአምስት ነገር ነው የምመዝናቸው። አንደኛው ምን ማየት ነው የምትፈልጉት የሚለው ነው፣ እሳት ነው፣ ጭስና ፍል ውሃ ነው፣ ወይስ የድሮ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሰላማዊ ሐይቅ? ሰው ሁሉንም "እሳተ ገሞራ" ብሎ ይጠራቸዋል እንጂ ሶስቱ የተለያየ ጉዞ ናቸው። ሁለተኛ ተራራው አሁን ያለበት ሁኔታ፣ ማለትም እየሰራ ነው፣ አርፏል፣ ወይስ ከጠፋ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ሶስተኛ መንገዱ፣ ከጎጃም እስከ ተራራው ስር ያለው መንገድና ጸጥታው። አራተኛ ሰውነታችሁ፣ ሙቀት፣ ከፍታ፣ ጋዝና የእግር ጉዞ እንዴት ይቀበላል። አምስተኛ ገንዘብና ቀን።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኛ ጎጃሞች የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ደብረ ማርቆስ ያደገ ሰው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው ያደገው፣ አየሩ የሳሳ ቦታ ላይ ዳገት መውጣት ለኛ ብርቅ አይደለም፣ ስለዚህ "ተራራ መውጣት ለኔ ምን አላት" ብለን ነው የምንነሳው። ኤርታሌ ግን ከፍታው ከባህር ጠለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ነው። እዛ የሚጥላችሁ ዳገቱ ሳይሆን ሙቀቱ ነው፣ ደጋ ያደገ ሰውነት ደግሞ ሙቀት አያውቅም። አብሮኝ የሄደ የቢቸና ልጅ፣ ጮቄን እየሮጠ የሚወጣ ልጅ፣ አፋር በገባን በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ላይ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ጥላ ስር ተኝቶ ነበር የዋለው፣ ውሃ አልጎደለበትም፣ ጨው ነው የጎደለበት። ኦአርኤስ በጥብጠን ስናጠጣው ነው ቀስ እያለ የተመለሰው። እዛ ስትሄዱ ውሃ ብቻ አትቁጠሩ፣ ሁለት ሶስት ፓኬት ኦአርኤስ ከፋርማሲ ገዝታችሁ ያዙ፣ በጣም ርካሽ ነው፣ ክብደትም የለውም።

ኤርታሌ

እሳት ለማየት ነው የምሄደው ለሚል ሰው አገራችን ውስጥ ሌላ አማራጭ የለም፣ ኤርታሌ ነው። ስሙ በአፋርኛ "የሚጨስ ተራራ" ማለት ነው። ጎኑ እንደ ምጣድ አክንባሎ ቀስ እያለ የሚነሳ ሰፊ ተራራ ነው፣ ሹል አይደለም፣ አናቱ ላይ 1.6 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 700 ሜትር ስፋት ያለው ገደል አለ፣ ፎቶ ላይ የምታዩት ቀይ ሐይቅ ከዛ ገደል ውስጥ ባለ ጉድጓድ የነበረው ነው። በፈረንጅ 1967 ሳይንቲስቶች ካዩት ጊዜ ጀምሮ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሲንተከተክ የኖረ፣ ዓለም ላይ እንዲህ አይነት የላቫ፣ ማለትም የቀለጠ ድንጋይ፣ ሐይቅ ያላቸው ተራሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ከዛ ጥር 2009 ላይ ተራራው በደቡብ ምስራቅ ጎኑ ተሰነጠቀና ላቫው በዛ በኩል ፈሰሰ፣ አናት ላይ ያለው ሐይቅም ውታፉ እንደተነቀለ የሳህን ማጠቢያ ውሃ ወደታች ወረደ። እኔ የሄድኩት ጥር 2011 ነው። ድርጅቱ (ስሙን አልጠራውም) ያሳየኝ ፎቶ ያንን ሙሉ ቀይ ሐይቅ ነበር፣ እኔም አልጠየቅኩም፣ ብሩን ከፍዬ ሄድኩ። ሌሊት ሶስት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዘን አናቱ ላይ ስንደርስ ያገኘነው ጭስ ነው። ጥቅጥቅ ያለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ ክብሪት ሲጫር የሚሸት ሽታ ያለው ጭስ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆመን ንፋሱ ሲዞር ለትንሽ ሰኮንድ ከስር፣ በጣም ከጥልቅ፣ ቀይ ብርሃን አየን፣ ድምጹን ግን ሰማነው፣ ልክ ትልቅ ጋን ውስጥ ጠላ ሲገለበጥ አይነት እንጉል እንጉል የሚል ድምጽ። እኔ ዛሬም ያቺን ሰኮንድ አልረሳትም፣ ከጎኔ የነበረ ሰውዬ ግን አለቀሰ ማለት ይቻላል፣ ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቅሞ ነው የመጣው፣ ማንም እውነቱን አልነገረውም።

ከዛ ወዲህስ? ሐይቁ ለተወሰነ ጊዜ ጨርሶ ጠፋ፣ ኋላ ደሞ ላቫ ጉድጓዶቹ ውስጥ ተመልሶ መታየት ጀመረ፣ ሐምሌ 2017 ላይ ተራራው ጭስና አመዱን ወደ ላይ ወርውሮ አካባቢውን አስደነገጠ። ይሄ ሳያንስ ህዳር 14 ቀን 2018 ከኤርታሌ ደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ የሚባለው፣ በታሪክ ሲፈነዳ ታይቶ የማይታወቅ ተራራ ፈነዳ፣ አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ ቀይ ባህርን ተሻግሮ የመንና ኦማንን አልፎ ህንድ ድረስ ደረሰ፣ እዛም በረራ አሰረዘ። አፍዴራ ያሉ ሰዎች ቤታቸውና የከብቶቻቸው ግጦሽ በአመድ ተሸፈነ። አፍዴራ ማለት የምንበላው ጨው አብዛኛው የሚመጣበት ቦታ ነው፣ የኤርታሌ ጎብኚም ከሰመራ ሲነሳ የሚያልፈው በዛው ነው። እንግዲህ "ጸጥ ያለ ነው፣ ምንም አይሆንም" ሲሉ ሃይሊ ጉቢን አስቡት፣ እሱም ጸጥ ያለ ነበር።

መንገዱን በተመለከተ፣ ድሮ ብዙ ሰው በመቀሌ በኩል ነበር የሚሄደው፣ ከጦርነቱ ወዲህ በሰመራ በኩል መነሳት ነው የተለመደው። ከባህር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ ሰመራ በአውሮፕላን፣ ከዛ ላንድክሩዘር። በመኪና የሚሄድ ደሞ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና ወልዲያ ወጥቶ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ሚሌ ይወርዳል፣ መልክዓ ምድሩ ለብቻው ጉዞ የሚያሰኝ ነው፣ ብርድ ለብሳችሁ ጋሸና ላይ ተነስታችሁ ሚሌ ላይ ሸሚዝ ትፈታላችሁ። ግን ያለፉት ዓመታት የክልላችን መንገድ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም፣ ዛሬ ክፍት የሆነው ነገ ሊዘጋ ይችላል፣ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ባለፉት ሁለት ቀናት በዛ መንገድ የመጣ ሾፌር ፈልጋችሁ ጠይቁ። የሰመረ ጉዞ የሚፈልግ በአውሮፕላን ይሂድ፣ ውድ ነው ግን ልባችሁ አይንጠለጠልም።

ጸጥታውም ቀላል ጉዳይ አይደለም፣ ጥር 2004 ላይ ኤርታሌ አካባቢ አምስት የውጭ አገር ጎብኚዎች ተገድለዋል። ከዛ በኋላ ያለ ጠባቂና ያለ አካባቢው ሰው መውጣት የለም። ለአካባቢው አፋሮች የሚከፈለውን የጋይድና የጠባቂ ክፍያ እንደ ተጨማሪ ወጪ አትዩት፣ ቤታቸው ነው፣ ተራራውንም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የኛ ጋይድ የአፋር ልጅ ነበር፣ ብዙ አያወራም፣ ጉድጓዱ አጠገብ ስንደርስ ብቻ ክንዴን ይዞ "ወንድሜ፣ እሳቱን አትይ፣ መጀመሪያ ንፋሱን እይ። ንፋስ ወዳንተ ከዞረ እኔን አትጠብቅ፣ ወደኋላ ሂድ" አለኝ። እስካሁን የሰማሁት ትልቁ የእሳተ ገሞራ ምክር ይሄ ነው።

እግራችሁ ስር ያለው ነገር ደሞ። አዲስ የረጋ ላቫ ላዩ ጥቁር ሆኖ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ነው የሚታየው፣ አንስታችሁ ስታዩት ልክ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው፣ ጋዙ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ ነው፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ግን ጠርዙ መስታወት ነው በቃ። አንዳንድ ቦታ ላይ ቅርፊቱ ባዶ ነው፣ ስትረግጡት እንደ ደረቀ ቂጣ ይሰበርና እግራችሁን እስከ ቅልጥም ይውጠዋል፣ ስታወጡትም ይላጫል። በጉድጓዱ ዳር ያለው መሬት ከስሩ ተበልቶ ጣራ ብቻ የቀረው ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ለፎቶ ብላችሁ ዳር አትቁሙ። ስኒከር አይሆንም፣ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ የስራ ጓንት፣ የግንባር ባትሪ። ለጋዙ የኮሮና ማስክ ምንም አይረዳም፣ የሰልፈር ጋዝ የሚያጣራ ፊልተር ያለው ማስክ ካገኛችሁ ያዙ፣ ካላገኛችሁ ንፋሱ ከጀርባችሁ በሚመጣበት በኩል ብቻ ቁሙ። አስም ያለበት፣ የልብ ህመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ትንንሽ ልጅ የያዘ ሰው ኤርታሌ አይሂድ፣ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ወቅቱ ከህዳር እስከ የካቲት ነው። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፣ ፍራሽ ይሰጧችኋል፣ ሌሊት አናቱ ላይ ንፋስ ስላለ ትፈልጉታላችሁ። ለስንቅ በሶ የሚስተካከለው የለም፣ ሙቀት አያበላሸውም፣ በውሃ በጥብጦ በትንሽ ጨው መጠጣት ነው።

ዳሎል

ብዙ ጊዜ ከኤርታሌ ጋር በአንድ ፓኬጅ ይሸጣል፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ተራራ የሚወጣበት የለም፣ ከባህር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደው የጨው ሜዳ ላይ ያለች ትንሽ ጉብታ ናት። ከስር ያለው ሙቀት ጨዋማውን ውሃ እያፈላ ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሰልፈሩ ቢጫ፣ ብረቱ አረንጓዴና ቡናማ ያደርገዋል፣ በፈረንጅ 1926 እንፋሎቱ ፈንድቶ ጉድጓድ ከፍቷል። በቀለም ረገድ እኔ እንደዛ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም፣ ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ፀሐይ ገና ስትወጣ ቢጫው ራሱ የሚያበራ ይመስላል። ውሃው ግን አሲድ ነው፣ የመኪና ባትሪ ውስጥ እንዳለው አይነት ማለት ነው፣ ቅርፊቱም ስስ ነው፣ ጋይዱ የረገጠበትን ብቻ ርገጡ፣ ልጅ እጁን እንዳይነክር።

ሙቀቱ የታወቀ ነው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ከ34 ዲግሪ በላይ ነው፣ ሌሊቱንም ክረምቱንም ጨምሮ መሆኑን ልብ በሉ። ከኤርታሌ የሚለየው የሚታየው ነገር እርግጠኛ መሆኑ ነው፣ ቀለሙ ቦታውን ቢቀያይርም ሄዳችሁ ባዶ እጃችሁን አትመለሱም። እግር ጉዞው አጭር ስለሆነ ጉልበቱ ደከም ላለ ሰውም ይሆናል፣ ሙቀቱን ከቻለ። ድክመቱ ርቀቱ ነው፣ ከሰመራ ከተነሳችሁ ከኤርታሌም አልፎ ወደ ሰሜን ነው፣ ቀን ይጨምርባችኋል፣ አካባቢው ለድንበር ቅርብ ስለሆነም ፈቃዱን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ፈንታሌ

ወደ ድሬዳዋ ወይ ሐረር በአውቶቡስ የሄደ ሰው ሁሉ መተሐራ ጋ መንገዱ ዳር የተዘረጋውን ጥቁር የላቫ ሜዳ አይቶታል፣ በስተግራ በኩል የቆመው ተራራ ፈንታሌ ነው፣ ወደ 2,007 ሜትር ገደማ። ያ ጥቁር ድንጋይ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ነው፣ በእሳተ ገሞራ ሒሳብ ትናንት ማለት ነው። አናቱ ላይ ትልቅ ገደላማ ካልዴራ (አናቱ ወደ ውስጥ ሰምጦ የቀረ ሰፊ ጉድጓድ) አለ፣ ጭስ የሚያወጡ ቦታዎች አሉ፣ አዋሽ ፓርክ ስሩ ነው፣ ፍልውሃውም እዛው ፓርኩ ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ በአስፋልትም በባቡርም ይደረሳል፣ ወጪው ከኤርታሌ ጋር አይወዳደርም።

ከዛ 2017 መጣ። ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በጎረቤቱ የዶፈን እሳተ ገሞራ መሃል መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከስር ቅልጡ ድንጋይ መሬቱን ሰንጥቆ ስለገባ ነው፣ ታህሳስ 26 ላይ 5.7፣ የካቲት 7 ላይ 6.0 የሚለካ መጣ፣ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሲወዛወዝ ተሰማው፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ህዝብ ከቤቱ ወጣ። ላቫ ግን አልወጣም። ይሄ ማለት ተራራው ጨርሷል ማለት አይደለም። በኔ ግምት አናቱ ላይ ለመውጣት የሚያስብ ሰው ለጊዜው ይቆየው፣ መተሐራ ላይ ወርዶ የላቫውን ሜዳ መርገጥ፣ በሰቃ ሐይቅን ማየት፣ ፓርኩ ውስጥ ማደር ግን ይቻላል፣ ፓርኩ ክፍት መሆኑን በዛው ሳምንት ጠይቃችሁ። ልጄ በትምህርት ቤት ስለ ስምጥ ሸለቆ ተምሮ መጥቶ "አባ፣ መሬት እንዴት ነው ሚሰነጠቀው?" ብሎኝ ይዤው ሄጄ ነበር፣ ከመንቀጥቀጡ በፊት ነው፣ ያን ጥቁር ድንጋይ በእጁ ሲነካው መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ገባው።

ወንጪና ዝቋላ

እነዚህ ሁለቱ የተኙ ናቸው፣ እሳት የላቸውም፣ ያላቸው ውሃ ነው። ወንጪ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአምቦና በወሊሶ መሃል፣ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ሐይቅ፣ ሐይቁ ውስጥ የቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ዳሩ ላይ ፍልውሃ። ፈረስ አለ፣ ጀልባ አለ፣ ሎጅም ተሰርቶለታል። ከፍታው ለኛ ሰው ቤት ነው፣ ብርዱም የለመድነው ብርድ ነው፣ እናታችሁን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ዝቋላ ደሞ ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ፣ አናቱ ላይ ክብ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት ነው። ጥቅምት 5ና መጋቢት 5 ንግሡ ነው፣ በዛ ቀን የሚሄድ ሰው እሳተ ገሞራ ለማየት ሳይሆን ለመሳለም ነው የሚሄደው፣ መንገዱም በሰው ይሞላል፣ ተራራውን ራሱን ረጋ ብላችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሌላ ቀን ምረጡ። ሐይቁ ጸበል ነው፣ ለዋና አትግቡበት። ሁለቱም ቦታ አልፎ አልፎ የጸጥታ ችግር ሲኖር ስለሚሰማ ጠይቃችሁ ውጡ።

እዚሁ ቤታችን፦ ዘንገናና ጮቄ

ይሄን ስል ብዙ ሰው ይገርመዋል። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ዋናው አስፋልት ዳር ያለው ዘንገና ሐይቅ እኮ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ነው። ስንቴ በአውቶቡስ አልፈነዋል? ክብነቱን እዩት፣ ዙሪያውን እንደ ሙዳይ ከንፈር የከበበውን ጠርዝ እዩት፣ ወንዝ አይገባበትም፣ ከስር ቅልጥ ድንጋይ ሲወጣ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ ሲፈነዳ የቀረ ጉድጓድ ነው። ዳሩ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት አግኝቼ "አያ፣ ጥልቀቱ ስንት ይሆን?" ብላቸው "ልጄ፣ የሠፈሩ ገመድ ሁሉ ቢቀጣጠል አይደርስበትም" አሉኝ፣ ከልባቸው ነው። ውሃው ዳሩ ላይ እንኳ ቶሎ ይጠቁራል፣ ስለዚህ ልጆች ዳር ላይ አይልቀቁ፣ ዋና የሚችል ሰውም ቢሆን። በግማሽ ቀን አይታችሁት ከሰዓት እንጅባራ ላይ ምሳ በልታችሁ መመለስ ትችላላችሁ።

ጮቄ ደሞ ራሱ እሳተ ገሞራ ነበር። ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ላቫው እየተደራረበ እንደ ጋሻ ሰፍቶ የቆመ ተራራ ነው፣ አሰራሩ ከኤርታሌ ጋር ዘመድ ነው፣ ኤርታሌ ገና ሕጻን ሲሆን ጮቄ ሽማግሌ ነው ማለት ነው። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ስትወጡ ጅብራው ከጓሳው መሃል ቆሞ ታያላችሁ፣ አናቱ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፣ ለኛም ቢሆን ራስ ምታት ሊይዝ ስለሚችል ቀስ ማለት ነው። አደጋው ጋዝ ሳይሆን ብርድና ጉም ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጉም ሲወርድ መንገድ ይጠፋል፣ ጠዋት ወጥታችሁ ቀትር ላይ ውረዱ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ የሚወድቅበት ገደልም የረጋ ላቫ ነው፣ እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ፏፏቴውን ሳየው ከውሃው ይልቅ ድንጋዩን ነው የማየው።

ውጭ አገርስ?

ባጭሩ። ኮንጎ ጎማ አጠገብ ያለው ኒራጎንጎ 3,470 ሜትር፣ የላቫ ሐይቁ ስመ ጥር ነበር፣ ግንቦት 2013 ላይ ፈንድቶ የጎማ ዳር ድረስ ላቫ ደረሰ፣ አካባቢው ጦርነት ላይ ስለሆነ አሁን አይታሰብም። ታንዛኒያ ያለው ኦል ዶይንዮ ሌንጋይ 2,962 ሜትር፣ ላቫው ዓለም ላይ ብቸኛው አይነት ነው፣ ሌላው ላቫ ከ1,000 ዲግሪ በላይ ሲሆን የሱ ግን ወደ 500 እና 600 ነው፣ ቀን ላይ ጭቃ ይመስላል እንጂ አይቀላም። እኩለ ሌሊት ተነስቶ ቀጥ ያለ አመድማ ዳገት መውጣት ነው፣ መውረዱ ከመውጣቱ ይከፋል ይላሉ የወጡ ሰዎች። ፓስፖርት፣ ቲኬትና ዶላር ያለው፣ ጉልበቱም ደህና የሆነ ሰው ያስብበት።

ባንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | የሚታየው | ከባህር ዳር ደርሶ መልስ | ለሰውነት የሚከብደው | ወጪ | ለልጅና ለአረጋዊ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤርታሌ | እሳት ወይ ጭስ፣ እንደ ሳምንቱ | 4–6 ቀን | ሙቀት፣ ጋዝ፣ የሌሊት ጉዞ | በጣም ከፍተኛ | አይሆንም |
| ዳሎል | ቀለም፣ አሲድ ውሃ፣ ጨው | 5–6 ቀን | ሙቀት | በጣም ከፍተኛ | ሙቀት ለሚችል አዋቂ ብቻ |
| ፈንታሌ (ከስሩ) | የላቫ ሜዳ፣ ፍልውሃ፣ ፓርክ | 3–4 ቀን | ትንሽ ሙቀት | መካከለኛ | ይሆናል |
| ወንጪ | የጉድጓድ ሐይቅ፣ ገዳም | 3 ቀን | ዳገት (ፈረስ አለ) | መካከለኛ | በጣም ይሆናል |
| ዝቋላ | ሐይቅ፣ ገዳም | 3 ቀን | ዳገት | ዝቅ ያለ | ይሆናል |
| ዘንገና | የጉድጓድ ሐይቅ | 1 ቀን | ምንም | በጣም ትንሽ | ይሆናል፣ ዳሩ ይጠበቅ |
| ጮቄ | ጥንታዊ እሳተ ገሞራ፣ ጅብራ | 2 ቀን | ከፍታ፣ ብርድ | ትንሽ | ለጠንካራ ልጅ |

ከዘንገናና ከጮቄ በቀር የቀኑ ቁጥር አዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዛም መንገድ ክፍት ሆኖ ሲሆን ነው። በመኪና ከሆነ ከላይ ሁለት ቀን ጨምሩበት።

እናንተ የትኛው ውስጥ ናችሁ?

ገንዘብ ያለው፣ ጤነኛ፣ እሳት ካላየሁ የሚል ሰው፦ ኤርታሌ፣ በታህሳስ ወይ በጥር፣ በቡድን። ብቻችሁን ከሄዳችሁ የመኪናው፣ የጋይዱና የጠባቂው ወጪ ሁሉ እናንተ ላይ ነው የሚያርፈው፣ አምስት ስድስት ሰው ከሆናችሁ ይከፋፈላል። ሁለት ቀን መጠባበቂያ ያዙ፣ የመመለሻ ትኬቱን ጥብቅ አታድርጉት።

ገንዘብ ያለው ግን ጋዝና ሌሊት ጉዞ የሚፈራ፦ ዳሎል ብቻውን። ኤርታሌን ከፓኬጁ አስወጡልኝ ማለት ይቻላል፣ ብዙ ሰው እንደሚቻል አያውቅም።

ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ፣ መሃል ላይ ያለ በጀት፦ ወንጪ። አዲስ አበባ ዘመድ ጋ አድራችሁ በማለዳ ተነሱ። ልጃችሁ ከአስር ዓመት በላይ ከሆነና ጠያቂ ከሆነ መተሐራን ጨምሩለት።

ተማሪ፣ ወይ ገና ደሞዝ የጀመረ ሰው፦ ዘንገናና ጮቄ። ይሄን የምለው ለማጽናናት አይደለም፣ በእውነት እሱን አስቀድሙ፣ ጮቄ ላይ የድሮውን ላቫ ድርብርብ አይታችሁ ከዛ ኤርታሌ ስትሄዱ የምታዩት ነገር ይገባችኋል፣ ሳታዩ የሄደ ሰው ግን ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው የሚያየው።

ለእናት ለአባት፦ በንግሡ ሰሞን ሳይሆን በሌላ ጊዜ ዝቋላ፣ መኪና በሚደርስበት ድረስ።

ብር ከመክፈላችሁ በፊት ለአስጎብኚው እነዚህን ጠይቁት፣ በቴሌግራም ሳይሆን ደውላችሁ፣ ድምጹን እየሰማችሁ። ባለፉት ሰባት ቀናት እዛ የወጣ ቡድን አለ ወይ፣ ያነሱትን ቪዲዮ ይላክልኝ፣ ቀኑ የሚታይበት። ላቫው አሁን ይታያል ወይ፣ ካልታየ ምን ይቀንስልኛል? ተራራው ከተዘጋ ብሬ ይመለሳል ወይ፣ በጽሑፍ ስጠኝ። መኪናው ስንት ነው፣ አንድ ብቻ ከሆነ በረሃ ላይ ቢበላሽ ምን ይሆናል? ለአንድ ሰው በቀን ስንት ሊትር ውሃ ይዛችኋል? ከአምስት ሊትር በታች ካለ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። የሳተላይት ስልክ አላችሁ ወይ? ኔትወርክ የለም እዛ። የታመመ ሰው ቢኖር ወዴት ነው የምትወስዱት፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል? ይሄን የመጨረሻውን ሲመልስ ከተንተባተበ ስልኩን ዝጉት፣ ሌላ ቁጥር ደውሉ።